ጋሽ ንጋቱ ልጃቸውን በስፓኒሽ ሲድሩ

1

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። እዚያ ጥግ ያላችሁትም፣ ድምፄ እንዲደርሳችሁ። ወሬውን ቆራርጬ ቁጥር የሰጠሁት እኔው ራሴ እንዳልጠፋበት ነው።

2

የአዳማው የጋሽ ንጋቱ ልጅ፣ ስንዱ፣ ስፔናዊ ልታገባ ነው። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ሮሳሊያ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ሊመጡ ነው። ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰሙም።

«እኔ አስተረጉማለሁ፣ አባዬ» አለች ስንዱ።

«አንቺው ተጠይቀሽ አንቺው ‹ሰጥተናል› ልትዪ? ከእኔ አፍ ነው መውጣት ያለበት።»

3

ኩባ የተማሩት አቶ ዘርፉ አስተማሪ ሆኑ።

«‹ሴ ላ ዶይ› ነው የሚሉት፣ ጋሼ። ‹ሴ› ለእርስዎ፣ ‹ላ› እሷን፣ ‹ዶይ› እሰጣለሁ። ለማን እንደሆነና ምን እንደሆነ ይቀድማል፤ መስጠቱ ኋላ ነው።»

ጋሽ ንጋቱ አሰቡበት።

«ደህና ቋንቋ ነው። አይቸኩልም።»

4

ልምምድ።

ዘርፉ፦ ሜ ሎ ዳ? እስክሪብቶውን ይሰጡኛል?

ንጋቱ፦ (እስክሪብቶውን ኪሳቸው ይከታሉ።)

ዘርፉ፦ እስክሪብቶ በስፓኒሽ ወንድ ነው፤ «ላ» ሳይሆን «ሎ»፣ «ሴ ሎ ዶይ» ይበሉ።

ንጋቱ፦ በመጀመሪያ ጥያቄ ተሰጥቶ ያውቃል? ዘመድ ላማክር። የዛሬ ሳምንት ይመለሱ።

ዘርፉ፦ እስክሪብቶ እኮ ነው፣ ጋሼ።

ንጋቱ፦ ቢሆንስ? ሜዳ ላይ ነው የበቀለው?

5

በሳምንቱ አቶ ዘርፉ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የአቶ ዘርፉ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ከእስክሪብቶው ጋር ዝምድና አልተገኘባቸውም።

«ሴ ሎ ዶይ» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

ስንዱ ከጓዳ እልል አለች።

6

እንግዲህ ቻሉበት ትሉ ይሆናል።

እስክሪብቶውን ግን አላሳደጉትም።

7

ቅዳሜ ወይዘሮ ሮሳሊያ መጡ። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ። ቆመው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው ጠየቁ።

«ሜ ላ ዳ?»

ማታ አውሮፕላን አለባቸው። የዛሬ ሳምንት ይመለሱ አይባሉ ነገር። አቶ ዘርፉ ከኋላ ሆነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ስንዱ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች፤ አባቷ ካልሰጧት እንደማትሄድ ታውቃለች። እሳቸውም ያውቃሉ።

«ሴ» አሉ።

«ላ» አሉ።

እሷን።

እዚያች ላይ ቆሙ። ልጃቸውን አዩ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

8

 

 

 

9

ስምንትን ባዶ የተውኳት ለእናንተ ነው፣ ልጆቼ። አንዲት ቃል ናት የቀረችው። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስንዱም በሩ ላይ ናት። ሞልታችሁ ስታበቁ፣ ያቺ ቃል ሰውዬውን እንዴት እንደከበደቻቸው አስታውሱልኝ።

አደራ።