የተሰረቀው ሁለት ሜትር

ሮዌና ቲልሰን ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃት «ያልተሠራ ቤት ፎቶ አነሳለሁ» ትል ነበር። ቀልድ ቢሆንም ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። አርክቴክቶች ሊሠሩ ያሰቡትን በኮምፒውተር ስለው ይልኩላታል። እሷ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄዳ ፎቶ ታነሳና፣ የተሳለውን ከእውነተኛው ጋር መገጣጠሚያው እስከማይታይ ድረስ ታዋህደዋለች። ለንደን ውስጥ ባዶ መሬት ከጠፋ ቆይቷል፤ በዚያ ሰሞን የሚመጣላት ሥራ ሁሉ በነባር ሕንፃ ጣሪያ ላይ ፎቅ መደረብ ነበር።

የታንዚ ሃውስ ሥራ የመጣላት በመጋቢት ነው። ታንዚ ሃውስ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ያለ፣ ጡቡ የጠቆረ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ነው። ክሪስፒን ሃርግሬቭ የሚባል አርክቴክት በላዩ ሁለት ፎቅ ሊጭንበት አቅዷል። ሮዌና ከክሪስፒን ጋር ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከአንድ ቀያሽ ጋር ሄዳ፣ ሕንፃው ፊት ለፊት ካለ ትምህርት ቤት በር አጠገብ ካሜራዋን በቆመ ሰው ዐይን ልክ ተከለች። ቀያሹ ካሜራው የቆመበትን ነጥብ፣ የመብራት ምሰሶውን ጫፍና የጣሪያውን ጠርዝ አንድ በአንድ ለካ።

ካሜራውን ስታስተካክል ከላይ ድምፅ መጣ። አንዲት ጠና ያሉ ጥቁር ሴት በመጨረሻው ፎቅ በረንዳ ላይ ቀይ አንሶላ ያሰጣሉ።

«አንቺ! ምኑን ነው የምታነሺው?»

«ሕንፃውን ነው፣ እመቤቴ!»

«እኔስ የሕንፃው አይደለሁ? እንግዲያው አሳምረሽ አንሺኝ!» ብለው እጃቸውን አውለበለቡ። ሮዌና ስቃ ቁልፉን ተጫነች።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። የቀያሹን ነጥቦች ይዛ የተሳለውን ሕንፃ ከፎቶው ጋር አገጠመች። ቀኑ ደመናማ ስለነበር የአዲሱን ግድግዳ ብርሃን አደበዘዘችው። መስታወቶቹ ላይ ከዚያው ፎቶ የተወሰደ ደመና አስገባች። ከፊት የቆመውን ቅጠል አልባ ዛፍ ደግሞ አዲሶቹ ፎቆች ከበስተጀርባው እንዲሆኑ፣ ጭራሮውን አንድ በአንድ እየለየች ሁለት ቀን ፈጀችበት። ሲያልቅ ራቅ ብላ አየችው። ሁለቱ ፎቆች እዚያው የነበሩ ይመስላሉ። ታንዚ ሃውስን ተጭነውታል፣ ከብደዋል፤ እውነቱ ግን ያ ነበር።

ክሪስፒን አይቶ ደወለ። «ግሩም ነው፤ ብቻ ትንሽ ከበደ። ዝቅ ብታደርጊውስ?»

«ቁመቱ የቀያሹ ነው፣ የኔ አይደለም። ቁመት አልነካም።»

«እሺ፣ እሺ። ዝርክርኩን እንኳ አጽጂልኝ። ያ ሁሉ ልብስ፣ ሳህን፣ ብስክሌት!»

ይህን ዐይኗን ሳታሽ አደረገችው፤ የሁልጊዜ ሥራዋ ነውና። የሳተላይት ሳህኖቹን አነሳች፤ ብስክሌቱን፣ የተሰጣውን ልብስ፣ ቀዩን አንሶላ አጠፋች። አንሶላው ሲሄድ ሴትየዋ ባዶ በረንዳ ላይ እጃቸውን የሚያውለበልቡ፣ ለእርዳታ የሚጣሩ መሰሉ። እሳቸውንም አጠፋቻቸው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ምስሉን ለክሪስፒን ልካ ሌላ ሥራ ጀመረች።

ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ።

«ሮዌና ቲልሰን የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«የፋቅሽኝ ሴትዮ ነኝ።»

ኦሊቭ ባፕቲስት ይባላሉ። ከሴንት ሉሺያ ደሴት በልጅነታቸው መጥተው፣ ታንዚ ሃውስ ውስጥ አርባ አራት ዓመት ኖረዋል። የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ለነዋሪው የግንባታ ማስታወቂያ ሲልክ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ወረቀቶቹን አስከፍተው አይተዋል። የሮዌናን ስም ያገኙት ከፎቶው ግርጌ ነው፤ ስልኳን በስሟ አፈላልገው አገኙት።

«መፋቁን ለጊዜው ተይው» አሉ። «ይኼ ነገር ውሸት ነው። ፕላኑ ላይ ሁለት ፎቅ ይላል፤ እዚህ የተቀመጠብን ግን ኮፍያ ነው የሚያክለው። እኔ ሠላሳ ዓመት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ በየድልድዩ ሥር ሳሾልክ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁመት እኔን አያታልለኝም፣ ሰማሽ?»

«እመቤቴ፣ ቁመቱ በቀያሽ የተለካ…»

«ሂጂና እዪው!» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ሮዌና የምክር ቤቱን ድረ ገጽ ከፈተች። ፎቶው የሷ ነው፤ ዛፉም፣ ደመናውም የሷ ነው። ግን አንድ ነገር ዐይኗን ወጋት። የራሷን ከማኅደሯ አውጥታ ከጎኑ አስቀመጠችው። የሷ አዲስ ፎቅ ከመብራት ምሰሶው ጫፍ በላይ ይወጣል። ይኼኛው ከጫፉ ሥር ይቀራል። ለካችው፤ ደግማ ለካችው። ስድስት ሜትር ከሃያ የነበረው አራት ሜትር ከሃያ ሆኗል። መስኮቶቹ እንደ ዳቦ ተጨፍልቀዋል፤ ሁለት ቀን የለፋችበት ጭራሮ በድፍረት ተቆርጦ እንደገና ተለጥፏል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በቅየሳ የተረጋገጠ ትክክለኛ ምስል። ሥራ፦ ሮዌና ቲልሰን።»

ደሟ ፈላ። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። ክሪስፒን ጋር ደወለች።

«ማን ነው የነካው?»

«ምኑን?»

«አታሹፍብኝ! ታንዚ ሃውስን ነው። ሁለት ሜትር የት አደረስከው?»

«አሃ፣ እሱን ነው። ልጆቹ ትንሽ አስተካከሉት። ማሳያ እኮ ነው ሮዌና፤ ማንም በማስመሪያ አይለካውም።»

«የተረጋገጠ ይላል ከሥሩ! ስሜን ጽፈህበታል!»

«ስምሽ ከሆነ ያስቸገረሽ አስወጣልሻለሁ።»

«ስሜን አስወጥተህ ውሸቱን ልትተወው?»

ክሪስፒን ለስለስ ባለ ድምፅ «ተረጋጊ እስቲ። የዚህ ዓመት ሥራዬን ሁሉ ላንቺ ነው ያሰብኩት፤ አታበላሺው» አላት።

ይኼ ረጋ ያለ ድምፁ ነው ይበልጥ ያሳበዳት። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። ከዚያ ለምክር ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ሠራተኛ ሁለቱን ምስሎች አያይዛ ጻፈች። በማግሥቱ «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» የሚል አንድ መስመር መጣላት።

ቅዳሜ ኮምፒውተሯን ይዛ ታንዚ ሃውስ ሄደች። ወይዘሮ ባፕቲስት በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ሻይ አላቀረቡም።

«እንዴት እንደፋቅሽኝ አሳዪኝ» አሉ።

«እኔ የመጣሁት ስለ ቁመቱ…»

«መጀመሪያ እሱን አሳዪኝ ነው የምልሽ!»

ሮዌና ምስሉን ከፈተች። ያጸዳችበትን የምስሉን የላይ ንብርብር ስታነሳ ሴትየዋ ከነአንሶላቸው ብቅ አሉ፤ ስትመልሰው ጠፉ። ወይዘሮ ባፕቲስት አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው አዩ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«በአንድ ጣት!» አሉ። «ሰላም ብዬሽ ነበር እኮ! አርባ አራት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ባሌን ከዚህ ቤት ቀብሬ፣ አንቺ በአንድ ጣት!»

«ሁልጊዜ የምናደርገው ነው። ምስሉ እንዲ…»

«አታስረጂኝ! አርክቴክቱ ውሸታም ነው፣ በዚህ ተግባባን። አንቺስ ምንድን ነሽ?»

ሮዌና ኮምፒውተሯን ዘጋች። ከቤቷ ስትወጣ ንዴቷ ሁሉ ክሪስፒን ላይ ነበር፤ አሁን ግማሹ ወደ ራሷ ዞረ፤ ያኛው ግማሽ ግን አልቀነሰም። «ምስክርነቴን ጽፌ ልስጥዎት» አለች በመጨረሻ።

«ደብዳቤሽን ምን አደርገዋለሁ? ራስሽ ትመጫለሽ። የፈቃድ ኮሚቴው ማክሰኞ ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሰበሰባል።»

ማክሰኞ የፈቃድ ኮሚቴው አዳራሽ በነዋሪ ሞልቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ወይዘሮ ባፕቲስት ሮዌና የሰጠቻቸውን ምስልና የክሪስፒንን በትልቁ አሳትመው፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጃቸው ይዘው ቆሙ። «በየትኛው ሥር ነው የምኖረው?» አሉ። «ንገሩኝና ቁጭ እላለሁ።»

ክሪስፒን በተራው ተነስቶ ከረባቱን አስተካከለ። «የነዋሪዎቹን ስሜት እረዳለሁ። ነገር ግን ያሳዩን ሥዕል ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የእኛ በባለሙያ የተሠራ ነው።»

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ!»

ሮዌና መቼ እንደተነሳች አታውቀውም። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መቱ። «ለመናገር አልተመዘገቡም። ይቀመጡ።»

«ከፍ ያለውን የሠራሁት እኔ ነኝ! ያ ሰውዬ ሁለት ሜትር ቆርጦ፣ ስሜን ለጥፎበት…»

«ይቀመጡ ወይም አስወጣዎታለሁ!»

ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ጉንፋን የያዛቸው ቀጭን ሽማግሌ፣ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ጥያቄ ልጠይቃት እችላለሁ መሰለኝ፤ ደንቡ ይፈቅዳል።» ሰብሳቢዋ ደስ ሳይላቸው ፈቀዱ። ሽማግሌው «ትክክለኛው ቁመት ስንት ነው?» አሉ።

«ስድስት ሜትር ከሃያ። የቀረበላችሁ ላይ አራት ከሃያ ነው። የቀያሹ ልኬት እጄ ላይ አለ።»

«ሌላ የተለወጠ ነገር አለ?»

የለም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። «አለ» አለች። «ወይዘሮ ባፕቲስት በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ክሪስፒን ፈገግ አለ። «እንግዲህ ምስል የምትለውጠው ማን እንደሆነች ከራሷ አፍ ሰማችሁ።»

ሮዌና ቱግ አለች፤ የተናገረችው መዝገብ ላይ የሚሰፍር አልነበረም። የጥበቃ ሠራተኛው ክንዷን ይዞ አስወጣት። ኮሚቴው አዲስ ምስል እስኪቀርብ ውሳኔውን ለሌላ ጊዜ እንዳራዘመው የሰማችው በኋላ፣ ከአዳራሹ ደጅ ቆማ ነው።

ክሪስፒን ለምክር ቤቱ የሁለት መስመር ይቅርታ ጻፈ፤ ጥፋቱን በአንድ ረዳት ላይ አላከከ። ለወይዘሮ ባፕቲስት ግን አንድ ቃል አልጻፈም። ለሮዌና ሥራ መስጠቱን አቆመ፤ ወዳጆቹ የሆኑ ሁለት አርክቴክቶችም ስልኳን ማንሳት ተዉ። መስከረም ላይ አንድ ፎቅ ተቀንሶ፣ አንድ ፎቅ ብቻ ተፈቀደ። ጎረቤቶቿ «አሸነፍሽ እኮ!» አሏት። እንዳሸነፈ ሰው ግን አላደረጋትም። የክሪስፒንን ፈገግታ ባሰበች ቁጥር ንዴቷ እንደ አዲስ ይነሳ ነበር።

ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ባፕቲስት ደወሉ። ሰላምታ የለም። «ስሚ!» ብለው ስልኩን ወደ ጣሪያ አነሱት። የድንጋይ መሰርሰሪያ ጩኸት ጆሮዋን በጠሳት።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው። ጭንቅላቴን ሊበሱት ነው!»

«ሁለት ፎቅ ቢሆን ኖሮ እኮ…»

«አታጽናኚኝ!»

«እያጽናናሁዎት አይደለም! እኔም እስካሁን እንደተቃጠልኩ ነኝ!»

ወዲያ ማዶ በር ተዘጋ፤ የመሰርሰሪያው ድምፅ ቀነስ አለ።

«ጥሩ» አሉ ወይዘሮ ባፕቲስት። «መኝታ ቤቴ ጣሪያ ላይ ስንጥቅ ወጥቷል፤ እነሱ ድሮም ነበረ እያሉ ነው። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ዛሬ፣ ነገ አይደለም።»

ሮዌና ካፖርቷን እየለበሰች «የትኛው አውቶብስ ነው ቶሎ የሚያደርሰኝ?» አለች።

«ሠላሳ ዓመት ለነዳ ሰው አውቶብስ ይጠየቃል?» አሉና የመስመሩን ቁጥር፣ የምትወርድበትን ፌርማታና ሾፌሩ የሚዘገይበትን ማዞሪያ ሳይቀር እየጮኹ ነገሯት።