ከምስሉ ጋር የተላከው

እህቴ በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ልትገባ ሩቅ ከተማ ክሊኒክ ተኝታለች። ሐኪሙ ያለፈውን ዓመት የጭንቅላት ምስሏን ሳላይ ቢላ አላነሳም ብሏል፤ ምስሉ ያለበት ሲዲ ግን እኔ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። ካልደረሰ ስንት ወር የጠበቀችው ተራ ሊያልፋት ነው።

ሲዲውን ይዤ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። ያለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ በኢሜይል ላክሁት፤ «ጌታዬ፣ አሳልፈው» አልኩ በሆዴ። ጥቂት ቆይቶ የእህቴ ባል ደወለ። አልመጣም፤ የክሊኒኩ የኢሜይል ማጣሪያ በር ላይ አስቀርቶታል። ብልጥ ነኝ ብዬ የፋይሉን ስም ወደ «ፎቶ» ለወጥኩና ደግሜ ላክሁ። እሱም ቀረ።

በመጨረሻ የእህቴ ባል ስልኩን ለክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰጣት። ሠራተኛው ሁሉ «ወንፊት» ነው የሚላት አሉ። ልቆጣ ነበር፤ ድምጿ የደከመ ሰው ድምፅ ሆነብኝና ማዳመጡን መረጥኩ።

«ጋሼ፣ ስሙን ቀይረው ላኩት አይደል?» አለች ሳቅ እያለች። «የበግ ለምድ ቢያለብሱትም እኮ ማጣሪያው ጥርሱን ያያል።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከምስሉ ጋር ማንም ጠብ የለውም። ሲዲው ላይ ግን ምስሉን የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም አብሮ አለ። ምስል ሲከፍቱት ይታያል፣ በቃ። ፕሮግራም ግን ሲነኩት ተነሥቶ ሥራ ይጀምራል፤ ምን ሊሠራ እንደመጣ አስቀድሞ ማወቅ ስለሚያስቸግር ማጣሪያው ዘሩን በሙሉ ያስቀራል።

«ታዲያ ደጉስ ምን በደለ?» አልኳት።

«ምንም አልበደለ። እዚህ ግን የተኛ ሰው አለ።»

እሷ በስልክ እየመራችኝ ምስሎቹን ብቻ ለይቼ ላክሁ። ወዲያው ደረሱ። ሐኪሙም አያቸው።

በማግስቱ፣ እህቴ በሰላም ከወጣች በኋላ፣ ወንፊት ራሷ ደወለች። ማጣሪያው ያስቀረውን ለብቻው ፈትሻው ኖሯል። የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የነበረ ቫይረስ ከፕሮግራሙ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ አንድ ሰው ቢከፍተው የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች ሁሉ ይቆልፍ ነበር፤ የቀዶ ሕክምና ክፍሉንም ጭምር። ለኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት እንድነግረው አደራ አለችኝ፤ ነገርኩት።

እህቴ ነቅታ መጀመሪያ የጠየቀችው ሲዲውን ወደ ቦታው መልሼ እንደሆነ ነው። መልሻለሁ አልኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ ለጸሎት ቆምኩ። አሳልፈው ብዬ ለምኜ፣ እንዳለ ስላላሳለፈው ተመስገን አልኩ። ወንፊትንም በጸሎቴ አነሣኋት፤ ስሟን ስለማላውቀው በቅጽል ስሟ።