የእትዬ ወለተጊዮርጊስ በያይነቱ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ «ፀጉር ቤት» ወይም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ግድግዳ ካያችሁ ግማሹ የኔ የኦሞድ እጅ ነው። ከጎግ ወረዳ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ፊደል ብቻ ስጽፍ ኖርኩ። የምወደው ሥዕል ነው፤ የሚያሠራኝ ግን ጠፋ።

ስለዚህ እትዬ ወለተጊዮርጊስ በሚከፍቱት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ሥራልኝ ሲሉኝ ልበር ደረስኩ። በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ቁጣቸው ቅርብ፣ ልባቸው ግን ንጹሕ የሆነ ሴት ናቸው።

«በያይነቱ ሣልልኝ፤ ምንም እንዳይጎድል። ካላማረኝ በኖራ አጠፋዋለሁ» አሉና ከዘመዶቻቸው እርሻ ዱባ ሊያመጡ ወደ አቦቦ ሄዱ።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ አልጾምም። እኛ ቤት የሚበላው አሳና የበቆሎ ገንፎ ነው። «በያይነቱ» ማለት ሁሉም ዓይነት ማለት መሰለኝ፤ ቃሉስ ሌላ ምን ይላል? ሦስት ቀን ሣልኩ። የባሮ አሳ፣ ወጥ የሚንጠባጠብበት የዶሮ እግር፣ ለሁለት የተከፈለ እንቁላል፣ ጥብስ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ሰኞ የሁዳዴ የመጀመሪያው ቀን፣ ቤቱም የሚከፈትበት ቀን ነበር። እትዬ ዱባቸውን ከባጃጅ አውርደው ቀና ሲሉ ግድግዳውን አዩ። ዱባው ከእጃቸው ወደቀ።

«ኦሞድ! ምንድን ነው ይሄ?»

«በያይነቱ ነው።»

«በሁዳዴ ዶሮ? እኔ የጾም ቤት ነው የምከፍተው! በያይነቱ ምስር ነው፣ ሽሮ ነው፣ ጎመን ነው!»

«እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ ምንም እንዳይጎድል ያልሽው?» ሲጨንቀኝ «እርስዎ» ማለት ይጠፋብኛል።

ባላቸው ጋሽ ከፈለ ሊሸመግሉ ሞከሩ። «አሳውን እንኳ ብዙ ሰው በጾም ይበላዋል።»

«በኔ ቤት አይበላም! ኖራውን አምጣልኝ!»

ነገ ተመልሼ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ልጽፍ ነው። የመጀመሪያ ሥዕሌ አንድ ሰው እንኳ ሳይበላበት ሊጠፋ ነው።

ኖራው መጣ። እትዬ ብሩሹን ነክረው ወደ ዶሮው እግር ተጠጉና ቆሙ። ፊታቸውን አዞሩ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ከፈለ።

«ምራቄ መጣ» አሉ ቀስ ብለው። «ገና በመጀመሪያው ቀን! ኃጢአቱ ያንተ ነው፣ ኦሞድ።»

ጋሽ ከፈለ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። እትዬም ተቆጥተው ተቆጥተው መጨረሻ ላይ አመለጣቸው። ያኔ ትንፋሼ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ኖራውን ተዪው» አልኩ። «እስከ ምሳ ስጪኝ፤ ሥዕሉን አስጾመዋለሁ።»

አሳውን አረንጓዴ ቀብቼ ስንግ ቃሪያ አደረግሁት። የዶሮው እግር ካሮት፣ ጥብሱ ቀይ ሥር፣ እንቁላሉ ድንች ሆነ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ደንበኛ ገብቶ ግድግዳውን ትክ ብሎ አየና «ከዚያ ከቀዩ ይብዛልኝ» ብሎ አዘዘ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እንባዬ መጣ። ከጭንቀት መገላገል እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር።

እትዬ ትሪ ይዘው ሲያልፉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉኝ። «አደራ፣ ቀለምህን እንዳትጨርስ። ለፋሲካ ዶሮዬን ትመልስልኛለህ።»