በግራ ትከሻ

የበገና ደርዳሪዎችና ተማሪዎች መርጃ ማኅበር ሰባት በገናዎች አሉት። ስድስቱ፣ መግዣው ለሌላቸው ተማሪዎች በየዓመቱ በውሰት ይሰጣሉ። ሰባተኛው ግን ከመለማመጃው ክፍል ጥግ ወጥቶ አያውቅም። ወለሉ ላይ ቆሞ፣ እንደ ተራው በገና ሳይሆን በልዩ ትእዛዝ ተሠርቶ በቁመት ከሰው በልጦ፣ ግራጫ ጨርቅ ለብሶ ባለቤቱን ይጠብቃል። ባለቤቱ ማኅበሩን ያቋቋሙት፣ በገናን እንደ ልማዱ በግራ እጅ ብቻ ሳይሆን ቀኝ ትከሻ ላይ አሳርፈው በሁለት እጅ መደርደር የሚያስተምሩት መምህርት ናቸው። ተማሪዎቻቸው እሳቸው በሌሉበት «እትዬ ትከሻ» ይሏቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ «ትከሻ! በገናው ቀኝ ትከሻሽ ላይ ይረፍ እንጂ አንቺ በገናው ላይ አትረፊ!» እያሉ ሲጮኹ ለኖሩ ሴት፣ ይህ ስም ቢወጣላቸው ምን ይገርማል? እሳቸውም ያውቃሉ፤ ያልሰሙ መስለው ያልፋሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ «የጭንቅላት ደም ሥር ነው» አላቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንደበታቸው ደግሞ ከነስለቱ ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደተኛ ቀረ። እህታቸው ማንኪያውንም ብዕሩንም በግራ ልታስይዛቸው ሞከረች። «ይለመዳል እኮ» ስትላቸው «አንቺው ልመጂው!» ብለው ማንኪያውን ወረወሩት። በግራ መብላት፣ በግራ መጻፍ ለእሳቸው ቀኙ አይመለስም ብሎ እንደመፈረም ነበር። ስለዚህ እህታቸው ታጎርሳቸዋለች፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ይጽፍላቸዋል፣ ማኅተሙንም ይመታላቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማኅበሩ ቤት አይቀሩም። ጥጉ ድረስ ሄደው ጨርቁን ገለጥ ያደርጉና አንዲት አውታር በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ። በግራ እጃቸው የሚሠሩት ነገር ቢኖር ይኼው ብቻ ነው። በገና ሳይነካ ከከረመ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ብርዱም አውታሩን ይጫወቱበታል፤ ይህን የማያውቅ ደርዳሪ የለም። የእሳቸው ግን ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ በቀር ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወርዶ አልተገኘም።

«አያችሁ?» ይላሉ ዞር ብለው። «ባለቤቱን ያውቃል። እየጠበቀኝ ነው።»

ተማሪዎቹ ወደ ልምምዳቸው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ አመልካቹ በዛና ስድስቱም በገናዎች በመጀመሪያው ሳምንት አለቁ። ሊቀመንበሩ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በልጅነቱ እሳቸው ዘንድ ተምሯል፤ እስከ ዛሬም ፊታቸው ሲቆም ሳያውቀው ትከሻውን ያስተካክላል። ሲፈራ ሲቸር ሰባተኛውን አነሳባቸው።

«እትዬ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ። በገና ቆሞ፣ ተማሪ እጁን አጣጥፎ...»

መምህርቷ ማኅበሩን ያቋቋሙት በገና ያጣ ልጅ እንዳይኖር ነበርና እምቢ ማለት አልቻሉም። «እሺ፤ ግን እኔ ሰምቼ የመረጥኩት ሰው ነው የሚወስደው» አሉ። በሆዳቸው ማንንም ላይመርጡ ምለው ነበር።

የፈተናው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ተነሳ። አመልካቾቹ የሚፈተኑት በዚያው በገና ነው፤ ሌላ የቀረ የለማ። መምህርቷ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሰው እጅ በገናቸው ላይ ሲያርፍ ተመለከቱ። መጀመሪያ የገባው ሎጋ ወጣት አሳምሮ ደረደረ።

«ከአውታሩ ጋር የቆየ ጠብ አላችሁ?» አሉት። «የለም? ታዲያ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትጎነትለው? ሂድ፣ ታረቁና ተመለስ።»

ሁለተኛዋ ስትደረድር ቀና የምትል ልጅ ነበረች። «ጎበዝ ነሽ። ጣሪያው ላይ የተጻፈልሽ ነገር አለ?» ብለው ሸኟት። ሦስተኛውንማ ጥፍሩን አይተው ገና ሳይቀመጥ መለሱት።

ሊቀመንበሩ ግንባሩን ጠረገ። «እትዬ፣ ደርዳሪው ከሰማይ ቢወርድም እኮ ለእርስዎ አይጥምዎትም።»

«ይውረድና እናየዋለን!»

ሊቀመንበሩ ቀጣዩን ቅጽ አነሳ፣ አነበበው፣ እንደገና አነበበው። ያኔ በሩ ተከፈተና የማኅበሩ የጽዳት ሠራተኛ ገባች። አርባን ያለፈች፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ እዚህ ቤት ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሽርጧን አውልቃለች። መምህርቷ ዕቃዋን ረስታ የመጣች መሰላቸው።

«ባልዲሽ ከበሩ ኋላ ነው» አሏት።

«ለባልዲው አይደለም እትዬ። ተራዬ ደርሶ ነው።»

ሊቀመንበሩ ቅጹን አሳያቸው፤ እውነትም የእሷ ነው። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀመጠች፤ በገናውንም ወደ ራሷ ስባ በግራ ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው።

ሊቀመንበሩ ሳቁ አመለጠው። መምህርቷም ከልማድ ብዛት «ትከሻ!» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ጀርባዋን አቀናች። በገናውን ግን ከግራዋ አላነሳችውም። መደርደር ጀመረች።

መምህርቷ ወዲያው አወቁት። ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻቸውን የሚደረድሩት፣ ለማንም አስተምረውት የማያውቁት ዜማ ነበር። ከመጨረሻዋ ቀጭን ድምፅ በፊት ትንሽ ቆም የሚሉባት ቦታ አለች፤ እናታቸው በሞተች ዓመት የጀመሯት፣ ትንፋሽ የምታህል ፋታ። ሴትዮዋ እዚያ ስትደርስ ቆም አለች። እጆቿ ደግሞ የመምህርቷ እጆች ነበሩ፤ ያቺው ከፍ የምትል ትንሽ ጣት፣ ያው አንጓን አላላ የማድረግ ነገር፣ ግን ሁሉም በተቃራኒው። ቀኛቸው ይሠራው የነበረውን ግራዋ ይሠራዋል። መምህርቷ መስታወት ፊት የተቀመጡ መሰላቸው፤ መስታወቱ ውስጥ ሁለቱም እጃቸው ደህና ነው። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ ታወቃቸው፤ አልጠረጉትም።

ዜማው ሲያልቅ «ማን አስተማረሽ?» አሉ።

«ማንም አላስተማረኝም። እርስዎ ሲደረድሩ እኔ ፊት ለፊትዎ ወለሉን እወለውል ነበር። እንዳየሁት ያዝኩት። ቀኙና ግራው መገላበጡን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ አንድ ቀን ተማሪዎቹን ከኋላ ሆኜ ሳያቸው። ያኔ ደግሞ እጄ ለምዶት ነበር።»

«በምን ተለማመድሽ?»

«መጀመሪያ ቤቴ፣ በወንበር መደገፊያ ላይ።» ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ኋላ ግን... ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ በዚሁ።»

«በኔ በገና?»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ሳስበው ለመቃኘት ብቻ ነበር። ከሕመምዎ ተነስተው በመጡበት በመጀመሪያው ቅዳሜ ጨርቁን ገልጠው ሲነኩት ቅኝቱ ወርዶ ነበር፤ ፊትዎን አየሁት። ያንን ፊት ሁለተኛ አላይም ብዬ ዓርብ ዓርብ መቃኘት ጀመርኩ። ድምፁን ጆሮዬ ያውቀዋል። ከዚያ እጄ እንቢ አለኝ፤ ቃኝቶ ብቻ መሄድ አቃተው።»

መምህርቷ መጀመሪያ አፈሩ። «እየጠበቀኝ ነው» እያሉ ሁለት ዓመት ሲመጻደቁ፣ ይህች ሴት መወልወያዋን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ትሰማ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ኀፍረቱ ለቀቃቸውና በቦታው ሌላ ነገር ገባ። በገናው አልጠበቃቸውም ነበር። የጠበቀቻቸው እሷ ናት። ሰው ይህን ያህል ሲወዳቸው ሳያዩ መክረማቸው ሆዳቸውን አባባው።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዴት ያለ ጆሮ ነው! እውነቴን ነው። ግን ደንባችን በቀኝ ትከሻ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ደክመን አያያዟን ብናስተካክልላት...»

«ዝም በል አንተ። ይልቅ ወንበሬን ወደ በገናው አስጠጋልኝ።»

አስጠጋላቸው። አሁን በገናው በሁለቱ ሴቶች መሐል ቆመ። ቀጫጭኖቹ አውታሮች ከሴትዮዋ ደረት አጠገብ ናቸው። ረጃጅሞቹና ወፍራሞቹ ከእሷ ርቀው፣ ለመምህርቷ ቀርበዋል። መምህርቷ ዕድሜ ልካቸውን በግራ እጃቸው የደረደሩት እነዚህን ወፍራሞቹን ነው።

«ቀኝ እጅሽን አንሺና ጭንሽ ላይ አስተኚው» አሉ። «እንደኔ። ወፍራሞቹን ለኔ ተዪልኝ።»

ሴትዮዋ በግራዋ ጀመረች። መምህርቷ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። የመጀመሪያዋን አውታር ሳቱና ጎረቤቷን መቱ። «ትከሻ!» ብለው በራሳቸው ላይ ጮኹ። ሊቀመንበሩ ሳያውቀው ትከሻውን አቃና። ሁለተኛዋን አገኟት፣ ሦስተኛዋንም አገኟት። ፋታዋ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል ቆም አሉ፤ ተያዩ፤ እኩል ቀጠሉ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተኛ ነበር፤ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ረስተውት ቆዩ።

ሲጨርሱ መምህርቷ በገናውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ውሰጂው። ቤትሽ በር የሚያስገባው ይመስልሻል?»

«ለክቼዋለሁ፣ ይገባል» አለችና ሴትዮዋ ማመልከቻዋ ገና ሳይታይ በር መለካቷ አሳፈራት።

«ደግ አደረግሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤትሽ እመጣለሁ። ወደ ቀኝ ለማዞር እንዳይመስልሽ፤ ፊት ለፊትሽ ወንበር አዘጋጂልኝ።»

ሴትዮዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሊቀመንበሩ የውሰቱን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ስሟም አድራሻዋም በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። «አስተማሪ» የሚለው መስመር ግን ባዶ ነው።

«ይኼን ምን ልበለው? ማኅበሩ አስተማሪ ለሌለው አያውስም» አለ።

«ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ሳላስፈቅድዎት ስምዎን መጻፍ ድፍረት መሰለኝ።»

«ብዕሩን ስጠኝ» አሉ መምህርቷ።

ሊቀመንበሩ እንደ ወትሮው ራሱ ሊጽፍላቸው ብዕሩን ከፈተ። እሳቸው ከእጁ ነጠቁትና በግራቸው ያዙት። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ስማቸውን ፊደል በፊደል ጻፉ። ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሄዱ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነሳና ግራ ገብቶት አየው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የእርስዎን ጽሑፍ አይመስልም።»

«ይለመዳል» አሉት።