የታሰረችው አውራ

ባሌ ይስማው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደረቅ ነው እንጂ። አንድ ነገር ጭንቅላቱ ከገባ እንኳን እኔ መልአክም አያወጣው። በዘጠና አምስቱ ድርቅ ጭንቅላቱ የገባው ነገር ደግሞ፣ ንቦቼ አይኮበልሉም የሚል ነበር።

እኛ አገር ደሃና ላይ ንብ የሌለው ቤት ጥቂት ነበር። ያን ዓመት ግን ክረምቱ ገባ ስንል ወጣ፤ አደይ ሳይፈካ መስቀል አለፈ። አበባ ከሌለ ንብ ምን ይሠራል? የጎረቤታችን የአያ ደሴ ንቦች አንድ ረፋድ ላይ ግር ብለው ተነሥተው ወደ ተከዜ ቆላ ነጎዱ። የኛም ተከተሉ። የቀረን ግድግዳው ውስጥ ያለው፣ አማቴ ያወረሰን ቀፎ ብቻ ነበር።

"ይሄ ከሄደ ንብ ከዚህ ቤት ጠፋ ማለት ነው" አለ ይስማው። "አባቴ በሰባ ሰባት እንኳ ያቆየው ዘር ነው። በኔ እጅ አይጠፋም።"

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ንግሥቲቱን፣ እኛ አውራ የምንላትን፣ ፈልጎ ያዘና በተሰነጠቀ ሸምበቆ ውስጥ ከተታት። አፉን በሰም ደፍኖ መልሶ ቀፎው ውስጥ ሰቀላት። እኛ አገር አዲስ ንብ ሲያዝ እንዲህ ይደረጋል፤ አውራዋ ካልተነሣች ሌላው ጥሏት አይሄድም። ንቡ ቤቱን ሲለምድ ትፈታለች። በረሃብ ጊዜ ግን ማን አስሮ ያውቃል!

"አንተ ሰው፣ የሚበሉት ሳይኖር ምን ብለህ ታስራቸዋለህ?" አልኩት።

"ዝናብ ይመጣል።"

"ከየት? ከኪስህ?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ብሎ ብሎ ለልጆቹ የደበቅኳትን የገብስ በሶ ቀፎው አፍ ላይ ሲነሰንስ ያዝኩት። ወይኔ! ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩበት። "ልጆቼን ጦም አሳድረህ ዝንብ ትቀልባለህ?" ዝንብ ማለቴ ከፋው መሰለኝ፣ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብለጥፍ ድምፃቸው ቀጥኗል። ድሮ እንቅልፍ የሚነሣን ጩኸት የበሽተኛ ማቃሰት ሆኗል። አንጀቴ አልችል አለ። ያቺው የጮህኩት ሴትዮ፣ ከዚያችው በሶ ቆንጥሬ ሰጠኋቸው። ትንሽ ቀመሱ፤ ግን ቁንጥር በሶ ለዚያ ሁሉ ነፍስ ምን ይሆናል?

አያ ደሴ ሊጠይቁን መጥተው ከቀፎው ሥር የተነጠፈውን የንብ ሬሳ አዩ።

"ይስማው፣ ፍታት" አሉ። "የኔዎቹ ሄዱ። ቢያንስ ሲሞቱ አላየሁም።"

"ካልተመለሱስ፣ አያ ደሴ? እርስዎ ይመለሳሉ ይሉኛል?"

"እሱን እኔም አላውቅም ልጄ።"

ባሌ አለቀሰ። የአባቱ ቀብር ላይ ጥርሱን ነክሶ የቆመ ሰው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከዚያ ሸምበቆውን አውጥቶ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጠና ሰሙን በጥፍሩ ፈልፍሎ ከፈተው።

አውራዋ ወጣች። የተረፉት ንቦች ከቀፎው አፍ እየወደቁ፣ በእግራቸው እየተጎተቱ መጥተው ከበቧት። እፍኝ አይሞሉም። አንዷ ክንፏን አርገብግባ ብድግ አለችና እዚያው ወደቀች። ሌሎቹ አልሞከሩም።

"ሂዱ እንጂ!" ይላቸዋል ይስማው ተንበርክኮ። "ፈትቻችኋለሁ እኮ! ሂዱ በማርያም!"

ወደ እኔ ዞረ።

"መስታወት፣ ምን ላድርግ?"

በትዳራችን ሙሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ምነው ቀድሞ በጠየቀኝ! ስንት መልስ ነበረኝ። አሁን ግን አጠገቡ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩና ሲያልቁ አብረን አየን።