ሦስት ግንድ ቡና

መስከረም ሃያ ሰባት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፣ የኋላ ግራ ጎማው እስከ ግማሽ፣ ይህ ሐቅ ነው፣ ሌላው ሁሉ አስተያየት ነው፣ ሹፌሩ ይሄይስ ግን ሐቅ አይወድም፣ አልተቀበረም ይላል፣ ተንሸራተተ እንጂ፣ ቤንዚን ይረግጣል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃው መስኮቱ ድረስ ይፈናጠራል፣ አሁን ከግማሽ በላይ ነው።

ይኸው፣ አላልኩም?

አላልኩም፣ በሆዴ ነው ያልኩት፣ ከሚዛን ስንወጣ ሰማዩን አይቼ ይህ መንገድ ሰው አያሳልፍም ብዬ ነበር፣ አስፋልቱን ትተን ወደ ቡና እርሻው የሚያስገባውን ጥርጊያ ስንይዝ ደግሞ እርግጠኛ ሆንኩ፣ ግን ማን ይሰማል፣ አሥራ አራት ሰው በአሥራ አንድ ወንበር፣ ማዳበሪያ ከረጢት በእግር መሃል፣ ከፊቴ ዶሮ፣ እና እኔ፣ ባስልኤል ኃይለሚካኤል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ በዕፅዋት ሳይንስ፣ እስከ ሰባት ሰዓት መድረስ ያለብኝ።

ሰባት ሰዓት። ወይዘሪት ፀደንያ፣ የእርሻው የልምምድ አስተባባሪ፣ ትናንት በስልክ ያለችው ይህን ነው፣ ቦታው ስድስት ነው፣ አመልካቹ አሥራ ዘጠኝ፣ ነገ እስከ ሰባት ሰዓት በሩ ላይ ፈርሞ ያልገባ በተጠባባቂ ይተካል፣ ገባህ? ገባኝ። መንገድ ተበላሸ፣ መኪና አጣሁ የሚል ስልክ አልቀበልም፣ ገባህ? ገባኝ አልኩ እኮ። ልምምዱ ስምንት ሳምንት ነው፣ ደሞዝ የለውም፣ ግን ሲያልቅ ከስድስቱ ሁለቱን ይቀጥራሉ። ከተመረቅሁ ሦስት ወር፣ ያስገባሁት ማመልከቻ ሠላሳ አንድ፣ መልስ የሰጠ አንድ፣ እሱም ይህ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ታጥፏል፣ ጉዳዩ የተግባር ልምምድ ቦታ መፈቀዱን ስለማሳወቅ ይሆናል ይላል፣ ማኅተሙ በላብ ደብዝዟል።

ጥፋተኛው ዝናቡ አይደለም፣ ዝናብ እዚህ አገር ይዘንባል፣ ዜና አይደለም። ጥፋተኛው ሰዓቱ ነው። አንድ ሰዓት ይወጣል የተባለው መኪና ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀረን፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ያ አንድ ሰው ሰባት ጊዜ መጣ። ከዚያ ኬላው። ኬላው ላይ የባከነው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ የአባባ ነው።

የአባባ ገጀራ። አሁን ወንበሬ ሥር ናት፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ፣ በሲባጎ ታስራ። ፖሊሱ ፈታው፣ ይህ ምንድን ነው? ገጀራ። ገጀራ መሆኑን አጣሁት እንዴ፣ ለምን ያዝክ? ለእርሻ ልምምድ። ዲግሪ ይዤአለሁ አላልክም? ይዤአለሁ። ታዲያ በዲግሪ ነው በገጀራ የምትሠራው? መኪናው ሳቀ፣ ሁሉም፣ ዶሮዋም ጮኸች፣ አውርዱት ጣጣ አያምጣብን አለ ከኋላ አንዱ፣ ደብዳቤዬን ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ወደ ታች ሲደርስ ወደ ላይ ተመለሰ፣ ተወው እዚህ፣ ስትመለስ ትወስዳለህ፣ አለ።

ትቼው ብሄድ ምን ነበረበት። ትቼው መሄድ ነበረብኝ። ግን ያባቴ ነው አልኩ፣ ያባቴ ነው አይተውም፣ ከጎኔ የተቀመጠችው እትዬ ዙሌይካ ባትገባበት ኖሮ እዚያው እንከራከር ነበር፣ አንተ፣ ልጁ ወደ እርሻ ነው የሚሄደው ወደ ጦርነት አይደለም፣ ይኼ እጅ ሰው የሚመታ ይመስልሃል፣ ብላ እጄን ይዛ አሳየችው፣ የተማሪ እጅ፣ ፖሊሱም ሳቀ፣ ሂዱ።

እርሻ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ያለው አባባ ነው፣ ሸዋ ቤንች ባለው ቤታችን በር ላይ፣ ዛሬ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት። መሣሪያ እነሱ ይሰጣሉ አባባ። የሰው መሣሪያ እጅ ያቆስላል። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል፣ መምህር ኃይለሚካኤል ተብሎ ይከበራል፣ ግን ስለ ገጀራ ሲሆን ማስረጃ አይፈልግም። ይቺ ናት ያስተማረችህ አለኝ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ቡናችንን ቅርንጫፉንም አረሙንም እየቆረጠች የጠበቀችው ይቺ ናት፣ ያዛት። እሺ። ያንን ቡና እንኳ አላየሁትም፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስት ወር እቤት፣ ልሂድ ባልኩ ቁጥር ወንዙ ሞልቷል፣ ነገ፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ዕረፍ እንጂ ልጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ የሚሞላ ወንዝ የት አለ።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለስድስተኛ ጊዜ፣ ደረስክ ወይ ሊለኝ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ነኝ፣ አላነሳም።

ምን ተማርክ ግን ልጄ? እትዬ ዙሌይካ ናት፣ ለቡና ለቃሚዎች የፕላስቲክ ጫማ ልትሸጥ ነው የምትሄደው፣ ጆንያው ጉልበቷ ላይ ነው፣ ከወልቂጤ መጥታ ሚዛን ሃያ ዓመት ኖራለች፣ ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የዕፅዋት በሽታ፣ እላለሁ። ተክልም ይታመማል እንዴ? ይታመማል። መርፌ ትወጋለህ ታዲያ? አይ። ሽሮፕ? ኧረ እትዬ። ሰማችሁ፣ ዶክተር አሳፍረናል ለካ፣ ዶክተር፣ እስቲ ይሄንን መኪና እየው፣ ታሟል።

ይሳቃል። ለመሳቅ ጊዜ ያለው ሰው ይስቃል። አራት ሰዓት ከአርባ።

ውረዱ፣ ይላል ይሄይስ፣ አሁን አምኗል፣ እንገፋለን፣ እንገፋለን፣ ጫማዬ፣ የምረቃ ጫማዬ፣ ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ሆኜ ልታይ ብዬ፣ ማን ይስደበኝ፣ እኔው ራሴን ልስደብ፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም፣ ቅርንጫፍ ካልተነጠፈለት አይወጣም፣ ይላል ይሄይስ፣ ገጀራ ያለው?

አሥራ ሦስት ሰው ዞሮ እኔን ያያል።

አሁን ገጀራው ጥሩ ሆነ፣ አሁን ጣጣ አያምጣብን የለም፣ ያ ከኋላ የነበረው ሰውዬ ራሱ ሲባጎውን ይፈታልኛል፣ ዶክተር እስቲ ቀዶ ጥገናህን አሳየን። ከመንገዱ በላይ አንድ ቤት አለ፣ ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን እንሰት፣ ከእንሰቱ ወዲያ ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብሳና፣ አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያዩን ነበር፣ እዚህ በየሳምንቱ መኪና ይቀበራል፣ ይላሉ፣ ሰላም ሳንል። እማማ፣ ቅርንጫፍ ብንቆርጥ? ቁረጡ፣ ከጥላው ዛፍ ቁረጡ ልጆቼ፣ ቡናዬን ብቻ እንዳትነኩብኝ።

እማማ ሰርካዲስ ይባላሉ። ቡናው ባላቸው የተከሉት ነው፣ ሞተዋል፣ ከዚህ ቡና ሌላ የላቸውም፣ ይህን ሁሉ ቁልቁለቱን እየወረድን ይነግሩኛል፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ አምስት ሊሆን ነው፣ እና እትዬ ዙሌይካ ከመንገዱ ትጮኻለች፣ እማማ፣ እሱ የቡና ዶክተር ነው፣ ያሳዩት! እውነት ነው? ይላሉ፣ ክንዴን ይይዛሉ፣ እስቲ እያቸው፣ ካንተ የተሻለ ሰው መቼ ይመጣል።

ጊዜ የለኝም። አየሁ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅርፊቱ ንጹሕ፣ በአንድ ወገን ቢጫ የሚሆን የለ፣ የሚጠወልግ የለ፣ ፍሬው ሊቀላ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው፣ አርባ ስምንት ግንድ፣ ቆጠርኩ፣ መቁጠር ልማዴ ነው። ምንም የለባቸውም እማማ፣ አንዱም አልታመመ። እርግጠኛ ነህ? እርግጠኛ ነኝ። እፎይ፣ ይላሉ፣ እግዜር ያክብርህ፣ ሌሊት ሌሊት ሳስብ ነበር፣ ከወዲያኛው ቀበሌ ቡና ይደርቃል ሲሉ ሰምቼ።

ከዚያ መቁረጥ። ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ የምረቃ ጫማ ሶሉ ለስላሳ ነው፣ ወደ ብሳናው ለመድረስ በቡናው መሃል ያለውን አረም መመንጠር ነበረብኝ፣ ከሥር፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ አባባ፣ ገጀራዋ እውነት ለመናገር ትቆርጣለች፣ እንደ ምላጭ፣ አንዴ አዳለጠኝና ግንድ ነካሁ፣ ቅርፊቱ ተላጠ፣ ነጩ እንጨት ታየ፣ ጥፍር የምታህል፣ እንደገና አንድ፣ ከዚያ ቅርንጫፉን እየጎተትኩ ስመለስ ሌላ። ይቅርታ እማማ። አይዞህ ልጄ፣ ይላሉ፣ ቡና ይችላል፣ ይድናል፣ የተቀቀለ በቆሎ በቅጠል ጠቅልለው እጄ ላይ ያኖራሉ፣ ለመንገድህ።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ መኪናው ወጣ። በጭብጨባ። ይሄይስ ትከሻዬን መታኝ፣ ያ ከኋላ ያለው ሰውዬ ያባትህ ገጀራ ትባረክ አለ፣ ኬላው ላይ አውርዱት ያለው እሱ ራሱ፣ ምን አለበት አሁን ይቅርታ ቢል፣ አይልም፣ በቆሎዬን ገምሶ ወሰደ። ግን እንሄዳለን። የቀረው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር፣ በዚህ መንገድ አርባ ደቂቃ፣ ይደረሳል፣ በጭቃ ጫማም ቢሆን እፈርማለሁ፣ ተጠባባቂው ይጠብቅ።

ስልኩ። አባባ፣ ዘጠነኛ። ይሁን፣ ላንሳው፣ እንዲያውም ይገባዋል፣ ልክ ነበርክ ልበለው፣ አንድ ጊዜ ልክ ነበር። ሃሎ አባባ። ደረስክ ወይ? ልደርስ ነው፣ መኪና ተቀብሮብን በገጀራህ ቆርጠን ወጣን። አላልኩህም! ይላል፣ ሲስቅ ይሰማኛል፣ እናቴ አባትህን ስማ ትላለች ከኋላው፣ አላልኩህም፣ ቆረጠች? እንደ ምላጭ። ትቆርጣለች እንጂ፣ ቅዳሜ አይደል ሞረድ ያሳየኋት፣ ከማዶ እነዚያን የደረቁ ቡናዎች ቆርጬ ስጨርስ ዶልዱማ ነበር።

የትኞቹን የደረቁ ቡናዎች?

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን አያለሁ፣ አልተቋረጠም፣ ሴኮንዱ ይቆጥራል።

አባባ፣ የትኞቹን?

እንዳታዝን ብለን ነው ልጄ፣ ለተማሪ ክፉ ወሬ አይነገርም ብላ እናትህም፣ መጀመሪያ ፈተና ነበረብህ፣ ከዚያ ምረቃህ፣ ከዚያ ደግሞ ሥራ ስትፈልግ፣ ዓምና ነው የጀመረው፣ በአንድ ጎን ቢጫ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ቆሞ ይደርቃል። ስንቱ? ሁሉም። ቆረጥኳቸው፣ ማገዶ አደረግናቸው፣ ተወው አሁን፣ አንተ ሥራህን ያዝ።

አባባ፣ ገጀራውን አጥበኸዋል? በእሳት አሳልፈኸዋል?

ገጀራ ይታጠባል እንዴ? ሞረድኩት እንጂ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ሰማንያ ሁለት ገጽ ነው፣ ርዕሱ ቡናን በቁሙ ስለሚያደርቀው በሽታ፣ ገጽ አርባ አንድ፣ ሦስተኛው አንቀጽ፣ እኔ የጻፍኩት፣ በሽታው በቁስል ይገባል፣ የታመመ ግንድ የነካ ገጀራ በእሳት ሳይጸዳ ጤነኛ ግንድ እንዳይነካ፣ ስድስት ወር ጻፍኩት፣ ስድስት ወር ሙሉ እነሱ ከማዶ ይህንኑ ሲያዩ፣ እኔ ቤተ መጻሕፍት ስፈልገው፣ አንድ ቃል፣ አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ወንዙ መቼ ሞላ።

ምልክቱ እስኪታይ ወራት ይፈጃል። ያኔ አርባ ስምንቱንም ይዟቸው ይሆናል። የቆሰሉት ዛሬ ከሥራቸው ተነቅለው ከተቃጠሉ ግን የሚጠፉት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ፍሬያቸው ሊቀላ ሁለት ሳምንት የቀራቸው ሦስት፣ ለእማማ ሰርካዲስ ይህን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፣ የሚያውቀው ሰው አንድ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ ያላቸው ያው ሰው።

ምነው ዶክተር፣ ፊትህ ጠቆረ፣ ደህና ነው ወሬው? እትዬ ዙሌይካ ናት። አባባ አሁንም ሃሎ፣ ሃሎ ይላል። በሰዓቴ አምስት ከሃምሳ ሁለት። ወደ ኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ወደፊት ስምንት፣ ከዚህ በኋላ ዛሬ ሌላ መኪና የለም።

ከበሩ አጠገብ ሁለተኛው፣ ከእንሰቱ ሥር ያለው፣ ብሳናው ጋ የመጨረሻው። ሦስት ናቸው፣ ወራጅ አለ።