ቢጫዋ መብራት

"ይኼ ነገር የት ይቀመጥ?" አለ የሟች አጎት፣ ለማንም ሳይሆን ለለቀስተኛው በሙሉ። ሽቦ የተንጨፈረረበት ነጭ ቦርድ በሁለት እጁ ታቅፎ መሀል ቤት ቆሟል። ለወንበር ቦታ አስለቅቃለሁ ብሎ በሩ አጠገብ የነበረችውን ትንሽ ጠረጴዛ ወደ ጓዳ ሲያሻግራት፣ በላይዋ የነበረው ጣጣ ሁሉ እጁ ላይ ቀርቷል።

የሟች ሚስት የሻይ ትሪዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "እባክዎ አጎቴ፣ እዚያው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት።"

"ጥቂት ሽቦ ነቅዬበት ነበር። ግን አታስቢ፣ መልሼ ሰክቼዋለሁ።"

"የት የት ሰኩት?"

"ቀዳዳው ላይ ነዋ! ምን የቀዳዳ ችግር አለበት? ባዶ ባገኘሁት ሁሉ አንዳንድ እያደልኩ ሰካሁት።"

ማታ ስነግረው እንዴት ይስቅ ይሆን ብላ አሰበች። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ ድረስ። ከእሱ ጋር ከእንግዲህ ማታ የሚባል ነገር እንደሌላት ትዝ ያላት ሐሳቡ ካለፈ በኋላ ነው። ትሪው ዘመመ፣ ሻዩ ፈሰሰ። "ደክሟታል፣ ተቀበሏት እንጂ" አለ አንድ ሰው፤ ተቀበሏት።

ሟቹ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ደረቱን የወጋው ሥራ ላይ እያለ ነው። አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ዳር አስይዞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ነው መሪው ላይ የተደፋው። ለቀስተኛው ይህን እየተቀባበለ ያወራዋል፤ "ለሰው እንዳሰበ ሞተ" ይላሉ። የሚስቱ ልብ ግን የሚቀረው ፍሬቻዎቹ ላይ ነው። በርቶ የሚጠፋ ነገር ሁሉ ነፍሱ ነበር።

ከሥራ ሲመለስ ትርፍ ሰዓቱ የሽቦና የመብራት ነው። ገና በልጅነቱ የቤቱን ራዲዮ አፈራርሶት ሲያገኙት እናቱ "ነቃቃይ" ብለው ስም አወጡለት፣ በዚያው ጸና። እኚህ ሁሉም "እማማ" የሚሏቸው እናት ጆሯቸው እየከዳቸው ሲመጣ ነቃቃይ መላ መታ። ንዝረት የሚያውቅ፣ ሳንቲም የሚያህል ነገር በሩ ላይ ለጠፈ፤ ሰው ሲያንኳኳ ከእማማ ሶፋ ፊት ለፊት አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ለራሱ ደግሞ ከበሩ እጀታ ስር የምትጫን ድብቅ ቁልፍ አበጀ። እሷን ሲነካት የምትበራው ቢጫ ናት። ቢጫዋ ስትበራ እማማ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ የእሱን ሰፋፊ ነጠላ ጫማዎች በእግራቸው ከሶፋው ስር አውጥተው ወደ በሩ ይገፏቸዋል። ልጃቸው መጣ ማለት ነው።

አጎትየው ቦርዱን ከነካካው ወዲህ ሁለቱም መብራቶች ጠፍተዋል። ለቀስተኛ ድንገት አጠገባቸው ቆሞ "እግዜር ያጥናዎ" ባላቸው ቁጥር እማማ ደንግጠው ደረታቸውን ይይዛሉ።

ትልቋ የሟች እህት ልብስ ሰፊ ናት። ኮሌታዋ ላይ የምትሰካቸው መርፌዎች ለቅሶ ላይ እንኳ አልተነቀሉም። የወንድሟን ሚስት ጓዳ በር ላይ አስቁማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንሾካሾከችላት።

"ስሚኝ፣ ላንቺም ብዬ ነው። ሰዉ ሲበተን እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። የወለድሽለት የለ፣ ምን ያስርሻል? እናትሽ ቤት ገብተሽ ትንሽ እረፊ።"

"እማማ ምን አሉ?"

"ምን ብዬ ልጠይቃት? ሰው ፊት ጮኬ?"

መልሱ አፏ ላይ ነበር። መሄድ አልፈልግም፣ የሚያውቀኝ ቤት ይኼ ነው፣ እማማም እናቴ ናቸው። ግን ቤቱ የእማማ ነው፣ እሷን ወደዚህ ያመጣት ሰው ደግሞ ተቀብሯል። በምን አፏ ልቆይ ትላለች? እማማስ ሂጂ ማለት ቢያፍሩ እንጂ ይፈልጓታል?

"እሺ እትዬ" አለች።

ከነቃቃይ ጋር የተዋወቁት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው፤ እሷ ዛሬም ሻጭ ናት። የሾፌር ሸሚዙን እንደለበሰ ገባና "ለሙከራ የሚሆን ቦርድ ነበር" አለ። ለማንኛውም ጀማሪ የምታቀርበውን ጥያቄ አቀረበችለት።

"የሚሠሩት ነገር ይፈርሳል ወይስ ይከርማል?"

"ገና ሳልሠራው ምኑን አውቄ?"

ሦስት ቦርድ መስታወቱ ላይ ደረደረችለት። "ይኼ ነጩ ብሬድቦርድ ነው። ሽቦውን መሰካት ብቻ ነው፣ ብየዳ የለው፤ ሲሳሳቱ ነቅለው ሌላ ቦታ ይሰካሉ። ግን ድመት ብትረግጠው አለቀለት። ይኼ ቡናማው ይበየዳል። አንዴ ከበየዱት ይዟል፣ ስህተትዎንም አብሮ ይይዛል። ይኼኛው ደግሞ መሀል ሰፋሪ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ልክ እንደ ነጩ ናቸው፣ ግን ይበየዳል። ነጩ ላይ ሞክረው ልብዎ ሲያርፍ፣ እንዳለ ወደዚህ ያሻግሩታል።"

"ልቤ መቼ አርፎ ያውቃል?" አለና ነጩን ወሰደ።

ሌላ ጊዜ መጥቶ ያንኑ ገዛ። ቆይቶም ያንኑ። "ነቅሎ መልሶ የሚሠራበት ዕቃ ነው እኮ፣ ለምን አዲስ ይገዛሉ?" ብትለው፣ "የሠራሁትን ማፍረስ አሳዘነኝ" አላት። እናቱ ነቃቃይ ያሉት ሰው አድጎ መንቀል የሚያሳዝነው ሆኗል። እሷ ሳቀች፣ እሱም ከዚያ በኋላ ቦርድ ሳያስፈልገው ይመጣ ጀመር።

ሲጋቡ ያንን ሦስተኛ ዓይነት ቦርድ ስጦታ አድርጋ ሰጠችው። "የእማማን መብራት እዚህ ላይ በይደው፣ አንድ ቀን ተነቃቅሎ ጉድ እንዳትሆን" አለችው። "ነገ የማሻሽላት ነገር አለች" ይላል። ነፋስ በሩን ሲነካው አረንጓዴዋ ትበራለች፣ ያስተካክላታል፤ ደግሞ የልጅ ኳኳታ አልሰማ ትላለች፣ ያስተካክላታል። "ያንተ ነገ አያልቅም" ስትለው "በያጇ ተቆጣች" ብሎ ይስቅባታል። እሷን የሚጠራት "በያጇ" እያለ ነበር።

አንዴ ደግሞ፣ "ለምን ታንኳኪያለሽ? ከእጀታው ስር ያለችውን ተጫኛት እንጂ" ብሏት ነበር።

"የልጃቸው ናት። ቢጫ አይተው አንተ ነህ ብለው፣ እኔ ስገባ ቅር ቢላቸውስ?"

"አይ በያጇ!" ብሎ ተዋት።

ለቀስተኛው ሳሳ ባለ ጊዜ በያጇ ቦርዱን ይዛ እማማ አጠገብ ተቀመጠች። ባትሪውን አላቀቀች፣ አጎትየው ባደላቸው ቀዳዳዎች የተሰኩትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቀለች። የመብራት መስመር መዘርጋት አያቅታትም፤ በራሷ መንገድ ልትሠራው ትችላለች። ግን የራሷን መንገድ አልፈለገችም፣ እሱ የሰካበትን ፈለገች። አንዲት ሽቦ አንስታ ባዶ ቀዳዳ ላይ ሰካች። ቀዳዳው ሽቦዋን ነከሰ አድርጎ ያዛት። አጠገቡ ያለው ላይ ሰካች፣ ያዛት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን ሽቦዋን ዝም ብሎ ተቀበላት፣ ስትስባትም ዝም ብሎ ለቀቃት።

እጇ ቆመ። እሱ የነካው ይኼ ነው። በሰካ በነቀለ ቁጥር ያላላው። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በሽቦ ጫፍ መዳሰስ ጀመረች፤ ጠባቡን አለፈች፣ የላላውን ያዘች። ያ ሁሉ ነገ፣ ያ ሁሉ "ትንሽ ላሻሽላት" ጣቷ ስር መጣላት። ናፈቃት። ከሞተ ጀምሮ ስታለቅስ ነበር፣ የናፈቃት ግን አሁን ነው።

"ይሠራል?" አሉ እማማ።

ወደሚሻለው ጆሯቸው ተጠጋች። "ይሠራል። ግን ቢጫዋን ልተዋት ይሆን እማማ?"

"ለምን ትተያታለሽ?"

"የሚጫናት የለም ብዬ። ጠፍታ ስትውል እያዩ እንዳይከፋዎት።"

እማማ ዞር ብለው ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ከዚያ "አንቺስ?" አሉ።

"እኔማ... የእሱ ናት ብዬ።"

"እኔ ደሞ ኮራሽብኝ ብዬ! ይኼን ሁሉ ዘመን ገዛ ቤትሽ ስትገቢ እንደ ሌላ ሰው ታንኳኪያለሽ። አረንጓዴዋ ስትበራ እንግዳ መጣ ብዬ ፀጉሬን አበጃለሁ፣ ሻሼን አስራለሁ፣ አንቺ ሆነሽ ትገቢያለሽ።" በያጇ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እማማ ግን አልሳቁም። "የከዳኝ ጆሮዬ ነው፣ ዓይኔ ደህና ነው። ጓዳ በር ላይ የምታወሩትን ከንፈራችሁ ላይ አየሁት። እሺ ስትይም አየሁሽ። ከልብሽ ነው?"

"አይደለም" አለች በሹክሹክታ።

"አልሰማሁሽም።"

"አይደለም!"

"ምን?"

"መሄድ አልፈልግም!" ብላ ጮኸች። "እዚህ ከእርስዎ ጋር መኖር ነው የምፈልገው!"

አጎትየው ሻዩን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ከጓዳ ብቅ አለችና በያጇን አየች፣ እናቷንም አየች።

"ሰማሽ?" አሏት እማማ ልጃቸውን። "እኔ እንኳ ሰምቻለሁ።"

"እኔ እኮ ለእሷው ብዬ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "መሄድ እየፈለገች ይሉኝታ እንዳይዛት ብዬ ነው።" በያጇ ተነስታ አቀፈቻት፤ የኮሌታዋ መርፌ ጉንጯን ወጋ ሲያደርጋት ሁለቱም አለቀሱ።

"በይ እንግዲህ በይጂው" አሉ እማማ። "ደሞ ሌላ ዘመድ መጥቶ ሳያድለው።"

በማግስቱ ጠዋት መሳቢያውን ስትከፍት ስጦታዋን ከነፕላስቲኩ አገኘችው፣ አልተነካም። የላሉትን ቀዳዳዎች እየዳሰሰች ሽቦዎቹን በየቦታቸው ወደ እሱ አሻገረች። መበየጃው ሲግል ልብስ ሰፊዋ ሳትጠራ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇ የማይንቀጠቀጥ የሰፊ እጅ ስለሆነ ሽቦዎቹን እሷ ያዘች፣ በያጇ በየደች። ነጩን ባዶውን ቦርድ ጠርጋ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው። እሱን መጣል አልሆነላትም።

ባትሪውን አገናኝታ ወደ ውጭ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። እንደ ልማዷ ለማንኳኳት ጣቷን አጠፈች። እዚያው አየር ላይ አቆየችው። ከዚያ እጇን ከእጀታው ስር ሰዳ ዳበሰች፤ ቁልፏ ከብዙ መነካት የተነሳ ለስልሳለች። ተጫነቻት።

በሩን ስትከፍት መደርደሪያው ላይ ቢጫ በርቷል። አጎትየው "አየህ፣ እኔ የሰካሁት ነው" ይላል ለጎኑ ሰው። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በእጇ ይዛለች። እማማ ፀጉራቸውን አልነኩም፣ ሻሻቸውንም አላሰሩም። ዓይናቸውን ከመብራቷ ሳያነሱ እግራቸውን ሶፋው ስር ሰደዱ፣ ሰፋፊዎቹን ነጠላ ጫማዎች ፈልገው አገኟቸው፣ ወደ በሩ ገፏቸው።

በያጇ ጫማዋን አወለቀችና ነጠላ ጫማዎቹን አጠለቀች። ሰፍተዋታል። እንዳይወልቁ እግሯን እየጎተተች ሄዳ እማማ አጠገብ ተቀመጠች።